ኃላፊዬ ጥርስ ውስጥ ገብቻለሁ፤ ልቻለው ወይስ ልልቀቅ?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ የአንዲት ልጅ እናት። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አዲሱ የክፍል ኃላፊ እስኪመጣ ድረስ ከማንም ጋር ተጋጭቼ አላውቅም። እሱም መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ያቀረበው ቁጥር ልክ እንዳልሆነ በትሕትና ብነግረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርስ ውስጥ አስገባኝ። ስሜን ትቶ ‹እሜቴ› ነው የሚለኝ። ‹እሜቴ፣ ዛሬስ በሰዓቱ ነቁ?› ሲል ቢሮው በሙሉ ይስቃል። የግዢ ደረሰኞቹን ጠረጴዛው ላይ ይዟቸው ይሰነብትና የቫት ማሳወቂያው የመጨረሻ ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይሰጠኛል። ሲዘገይ ሥራ አስኪያጁ ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ‹አንዳንዱ ደሞዝ ለመቀበል ብቻ ነው የሚመጣው› ብሎ ይጽፋል። ድሮ ምሳ አብረን የምንበላ ስድስት ልጆች ነበርን። አሁን ምሳ ዕቃዬን ይዤ ስቀመጥ አንድ በአንድ ይነሣሉ። አንዷ ማታ ደውላ ታጽናናኛለች፤ ቢሮ ውስጥ ግን ቀና ብላ አታየኝም።

ለሰው ኃይል ኃላፊው ብነግረው ‹ጠባዩ ነው፤ ሥራ ወዳድ ስለሆነ ነው› አለኝ። ከዚያ በዕድሜ ትልቁ ሠራተኛ ሁለታችንን ምሳ ጋብዞ አስታረቀን። ኃላፊዬ ‹እኔ እንደ እህቴ ነው የማያት› አለ። እኔ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ምን አጥፍቼ እንደሆነ ግን እስካሁን አላውቅም። ሳምንት ሳይሞላ ባሰበት። እናቴ ‹እንጀራሽ ነው፣ ቻይው› ይሉኛል። እሁድ ማታ ሆዴን ይቆርጠኛል፤ እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ቆየ። እኔ ነኝ እንዴ ችግሩ? ልቻለው ወይስ ልልቀቅ?»

ሆድ የባሳት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያስጨነቀሽን ጥያቄ ልመልስልሽ። ችግሩ አንቺ አይደለሽም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ስለ ደረሰኞቹ የጻፍሽው ነገር ስለሚመሰክርልሽ ነው።

ብዙ ዘመኔን በሠራተኛ አስተዳደር ሥራ ላይ ነው ያሳለፍኩት። «ሥራ ወዳድ ስለሆነ ነው» የሚለውን ሽፋን ስንቴ እንደሰማሁት አልነግርሽም። ኃይለኛ አለቃና ሰው የሚያሸማቅቅ አለቃ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ይቆጣሉ፣ ሁለቱም ይጮኻሉ። ኃይለኛው የሚቆጣው ሥራው ስለተበላሸ ነው። ሪፖርቱ ሲስተካከል ቁጣውም ይበርዳል፤ ነገ ደግሞ በሌላው ይቆጣል፣ ደህና ስትሠሪ «ጎበዝ» ማለትም ያውቅበታል። ቢያስለቅስሽ እንኳ ከቢሮው ስትወጪ ምን ማስተካከል እንዳለብሽ ታውቂያለሽ። ያንቺ ኃላፊ ግን ደረሰኙን ይዞ ነው የሚጠብቅሽ። ቫቱ በጊዜው እንዲታወቅ የፈለገ ሰው ደረሰኙን ቀደም ብሎ ይሰጥሻል። እሱ ድርጅቱ ቅጣት ቢከፍልም አንቺ ተሳስተሽ መታየትሽን መርጧል። የትኛውም ሥራ ወዳድ እንዲህ አያደርግም።

ደግሞ የተጀመረበትን ቀን አስቢ። ቁጥሩን ካረምሽበት ስብሰባ ወዲህ ነው። ባየኋቸው ጉዳዮች የሚገፋው ሰው ሰነፉ ሲሆን ያጋጠመኝ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቀው፣ በሰው ፊት ጮክ ብሎ የማይከራከረው፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድርና በቀላሉ ጥሎ እንደማይሄድ የሚታወቀው ነው። ቅጽል ስም፣ የሰው ፊት ሽሙጥ፣ መረጃ መደበቅ፣ በግሩፕ ላይ ስም ሳይጠሩ መውጋት፣ ከምሳ ገበታ መገለል። አንዱ ለብቻው ቢነሣ «ምን አላት ይቺ፣ ቀልድ አይገባት» ያሰኛል፤ ለዚህም ነው አቤቱታሽ የማይሰማው። ወር ሙሉ ተደራርቦ ሲታይ ነው መልኩ የሚገለጠው።

ሐይንዝ ሌይማን የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስዊድን ውስጥ እንዲህ የተገፉ ሠራተኞችን ሲያጠና አንድ ነገር አስተዋለ። ሰው ለወራት ሲገፋ ይለወጣል፤ ይነጫነጫል፣ ሰው ይጠራጠራል፣ ድሮ የማይሳሳተውን ይሳሳታል። ባልደረቦቹ ያንን ለውጥ ያዩና «ድሮም አስቸጋሪ ሰው ነው» ይላሉ። ግፊቱ ያመጣው ጠባይ የግፊቱ ምክንያት ተደርጎ ይቆጠራል ማለት ነው። «እኔ ነኝ እንዴ ችግሩ?» የሚለው ጥያቄሽም ከዚያው የመጣ ይመስለኛል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን የሚከለክል ደንብ አውጥታለች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 የሥነ ልቦናና የኢኮኖሚ ጉዳትን ከአካላዊ ጥቃት እኩል አንሥቷቸዋል። በዓለም ላይ ስም የወጣለት፣ የተጠና በደል ነው የደረሰብሽ።

አንድ ነገር ግን ራስሽን በሐቅ ጠይቂ። ካለፉት ወራት ሥራሽ ውስጥ በእርግጥ የተሳሳትሽው ካለ ነቅሰሽ አውጪና አስተካክዪው። ስህተት መኖሩ «እሜቴ» ለመባል ፈቃድ አይሆንም። ነገር ግን አቤት ባልሽ ቀን መጀመሪያ የሚመዘዝብሽ እሱ ስለሆነ አስቀድመሽ ብትዘጊው ይሻላል።

አሁን ወደ ምሳ ግብዣው ልምጣ፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ ያንገበገበኝ እሱ ነውና። ሽምግልና ትልቅ ሀብታችን ነው። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን አቀራርቧል። ነገር ግን የአገር ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ ማን ምን እንዳደረገ ይሰማል፣ በዳይ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ከዚያ ነው እርቅ የሚባለው። ያንቺ ምሳ ላይ ምን ተሰማ? ማንም የደረሰኙን ነገር አላነሣም፣ ማንም «እሜቴ ማለት ይቅር» አላለም። በዳይ «እንደ እህቴ ነው» ብሎ ተነሣ፤ ይቅርታ የጠየቀችው ተበዳይ ሆነች። ከዛሬ በኋላ በተናገርሽ ቁጥር «ታርቃችሁ አልነበር እንዴ?» ትባያለሽ። ያስታረቁሽ ሰው ቅን ልብ ሊኖራቸው ይችላል፣ በእሳቸው አልፈርድም። እንዲህ ያለው እርቅ ግን ለበዳይ አዲስ ፈቃድ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ የባሰበትም ለዚህ ነው። ዳግመኛ ለእርቅ ከተጠራሽ «ደስ ይለኛል፤ ከዛሬ በኋላ ምን ምን እንደሚቀር ግን ተጽፎ እንፈራረም» በዪ። አንቺም ባላጠፋሽው ይቅርታ አትጠይቂ።

እናትሽ ክፉ መክረውሽ አይደለም። እንጀራ በምን መከራ እንደሚገኝ ያውቃሉ፣ የቤት ኪራዩንና የልጅሽን ትምህርት ቤት ክፍያ ያስባሉ። ችግሩ ዝም ያልሽው ነገር በዚያው መጠን አለመቆየቱ ነው። ቅጽል ስሙን ዝም አልሽ፣ ደረሰኙ መጣ። ደረሰኙን ዝም አልሽ፣ ግሩፑ መጣ። ሥራሽን ሳትለቂ፣ ሳትሰዳደቢም ዝምታውን መተው የምትችይበት መንገድ አለ።

ነገውኑ አንድ ትንሽ ደብተር ያዢ፤ ቢሮ አታስቀምጪው፣ በቢሮው ኮምፒውተርም አትጻፊው። ነገሩ በተፈጸመበት ቀን ማታ እንዲህ አድርገሽ ጻፊ፦ «ማክሰኞ ጥቅምት 25፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል፣ ሒሳብ ክፍል። ‹እሜቴ፣ ዛሬስ መቁጠር ቻሉ?› አለኝ። ገንዘብ ያዥዋና ሁለት የሒሳብ ሠራተኞች ነበሩ። መልስ አልሰጠሁም።» ይኸው ነው። «ይጠላኛል»፣ «ክፉ ነው» የሚል ቃል አታስገቢበት፤ የተባለውን ቃል በቃል፣ ሰዓቱን፣ የነበሩትን ሰዎች ብቻ። የቴሌግራሙን መልእክት ስክሪንሾት አንሺና ከስልክሽ ውጪም አንድ ቦታ አስቀምጪው። ላኪው ከሁሉም ሰው ስልክ ላይ ሊያጠፋው እንደሚችል አትርሺ።

የደረሰኙ መድኃኒት ደግሞ የቢሯችን የቆየ ልማድ ነው፤ ርክክብ። አንድ መዝገብ አዘጋጅተሽ «የግዢ ደረሰኝ ርክክብ» ብለሽ ጻፊበት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የደረሰኝ ብዛት፣ ያስረከበ፣ የተረከበ። ለእሱ ብቻ አታድርጊው፤ ወረቀት የሚያመጣልሽ ሁሉ ይፈርምበት፣ ያኔ ነገር ፍለጋ አይመስልም። አልፈርምም ካለ በዚያው ሰዓት በውስጥ መስመር «ዛሬ ጥቅምት 30 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ 74 የግዢ ደረሰኞች ተረክቤያለሁ» ብለሽ ላኪለት። በሚቀጥለው ወር ገና በ10 «ደረሰኞቹን እስከ 20 ባገኝ ማሳወቂያውን በጊዜው እጨርሳለሁ» ብለሽ ጻፊለት። በግሩፕ ላይ ሲወጋሽ ክርክር አትግጠሚ፣ በስሜትም አትመልሺ። «ደረሰኞቹ የደረሱኝ ዛሬ 10 ሰዓት ነው፤ ነገ ጠዋት ይጠናቀቃል» የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች። ሥራ አስኪያጁ እዚያ ናቸው፤ ያንብቡት።

ለቅጽል ስሙ አንድ ጊዜ ፊት ለፊት መናገር አለብሽ። ቤት ውስጥ ተለማመጂው፣ ልጅሽ ብትሰማሽም ግድ የለም። «አቶ እገሌ፣ በስሜ ቢጠሩኝ እወዳለሁ።» ሳትስቂ፣ ሳትቆጪ፣ ቢቻል እዚያው በተባለበት ሰው ፊት። ሊስቅ ይችላል፣ «ኧረ እሜቴ ተቆጡ» ሊልሽም ይችላል። ይበል። ቃሉን እንደማትፈልጊው መናገርሽን ሰው ሰምቷል፤ ከዚያ በኋላ «ቀልድ መስሎኝ» ማለት አይችልም። ያንንም ማታ ደብተርሽ ላይ አስፍሪው።

እነዚህን ለአንድ ወር ያህል አድርገሽ ካልቆመ በጽሑፍ አመልክቺ። ለሰው ኃይል ኃላፊው በአፍ የነገርሽው ነገር ነገ «አልሰማሁም» ቢባል ምን ይዘሽ ትከራከሪያለሽ? ማመልከቻውን ለዋና ሥራ አስኪያጁ አድርጊው፣ ግልባጭ ለሰው ኃይል። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ከደብተርሽ ሦስት አራት ክስተት ከነቀኑ ምረጪና የምትፈልጊውን በግልጽ ጠይቂ፦ በስሜ እንድጠራ፣ ደረሰኝ በተወሰነ ቀን እንዲደርሰኝ፣ የሥራ ወቀሳ በግሩፕ ላይ ሳይሆን በደብዳቤ ወይም በግል እንዲሆን። «ይባረርልኝ» አትበዪ። ሁለት ኮፒ ይዘሽ መዝገብ ቤት ግቢና የራስሽ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቺበት። ያቺ ማኅተም ያረፈባት ወረቀት ድርጅቱ ነገሩን ማወቁን የምታረጋግጥልሽ ናት። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ተወካዩን አብሮሽ እንዲገባ ጠይቂው።

ሕጉን በተመለከተ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ፤ ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። አንቺን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 12 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 32 መሠረት ደግሞ አሠሪው ሰብዓዊ ክብርንና ሞራልን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል፤ በዚህ መንገድ የለቀቀ ሰው የሥራ ስንብት ክፍያና ካሣ ይጠይቃል። ነገር ግን አንቀጽ 33 ጊዜ ወስኖበታል። ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀምሽበት መብቱ ይቀራል። ከዚህ የባሰው ወጥመድ መልቀቂያ ደብዳቤው ነው። ተናደው የሚወጡ ሰዎች «በግል ጉዳይ ምክንያት በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» ብለው ይፈርማሉ፤ አንዳንዴም የተዘጋጀ ወረቀት ይቀርብላቸዋል። እሱን ከፈረሙ በኋላ ክብሬ ተነክቶ ነው የወጣሁት ብሎ ማስረዳት በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ የትኛውንም ወረቀት በተናደድሽበት ቀን አትፈርሚ። «ቤት ወስጄ ላንብበው» በዪ። ጥለሽ ቤትሽ መቅረትም አይሆንም፤ ያለ ፈቃድ መቅረት ራሱ ለመባረር ምክንያት ይሆናል።

በአንቀጽ 32 ልውጣ ካልሽ መጀመሪያ የሕግ ሰው አማክሪ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። በክፍለ ከተማሽ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ይቀበላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያላችሁ አንባቢዎቼ የምትተዳደሩት በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ስለሆነ መንገዳችሁ ሌላ ነው፤ ከመሥሪያ ቤታችሁ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ጀምሩ።

ስለዚያች ማታ ማታ ስለምትደውልልሽ ባልደረባሽ ብዙ አሰብኩ። ተቀይመሻት ይሆናል፣ አልፈርድብሽም። እሷም ግን ነገ ተራው የእኔ ነው ብላ ፈርታ ነው። ምስክር ሁኚልኝ ብለሽ አትጀምሪ፤ ትሸሻለች። ትንሹን ጠይቂያት። «ሐሙስ ምሳ አብረን እንብላ።» ይህን ብቻ። አንድ ሰው አብሮሽ ሲቀመጥ የክፍሉ አየር ይለወጣል፤ መገለል የሚሠራው ሁሉም ሲነሣ ነውና። ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ገበታ የተነሣችሁት አራታችሁም ትኖሩ ይሆናል። ጀግና ሁኑ አልላችሁም፣ ከኃላፊው ጋር ተጣሉም አልላችሁም። «እሜቴ» ሲባል አትሳቁ። ምሳ ዕቃዋን ይዛ ስትመጣ ተቀመጡ። እሱ የሚናገረው እናንተ ስለምትስቁለት ነው።

ሆድ ቁርጠቱንና እንቅልፍ ማጣቱን ዝም ብለሽ እንዳታልፊው። ሐኪም ዘንድ ሂጂና ሥራ ቦታ ያለውን ነገር ሳትደብቂ ንገሪው፤ ጨጓራ ነው ብለሽ መድኃኒት ብቻ ይዘሽ አትመለሺ። እረፍት ካዘዘልሽ ማስረጃውን ለድርጅቱ ወዲያው አድርሺ፤ በአዋጁ መሠረት የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ ይከፈልበታል። መኖር ያስጠላሽ፣ ራስሽን መጉዳት የታሰበሽ ቀን ካለ ግን ከላይ ያልኩትን ሁሉ ተዪውና በዚያው ቀን ለቅርብ ሰው ነግረሽ ሆስፒታል ሂጂ። ሥራውም ማመልከቻውም ይደርሳል።

ልልቀቅ ወይ ላልሽው፣ እኔ ብሆን ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሥራ መፈለግ እጀምር ነበር፤ ማመልከቻውንም አስገባ ነበር፤ ሁለቱን ጎን ለጎን። ስድስት ዓመት የሠራሽበትን የሥራ ልምድ ማስረጃ አሁኑኑ ጠይቂ፤ ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ አሠሪው ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ስትለቂ ክሊራንስ ላይ ሊያንገላቱሽ ስለሚችሉ ቀድሞ በእጅሽ ይግባ። ዋስ ካለሽም እስከ ዛሬ ያስረከብሽውን ሰነድ ዝርዝር ይዘሽ ቆዪ፤ በኋላ ጉድለት ተገኘ ተብሎ እሱ እንዳይጨነቅ። የተሻለ ቦታ ስታገኚ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ ትወጫለሽ። ከዚያ በፊት ማመልከቻሽ ተሰምቶ ነገሩ ከቆመ ደግሞ እሰየው፤ ያኔ መቆየቱን ወይም መሄዱን ተረጋግተሽ ትወስኛለሽ።

ለእናትሽ «እየተሠቃየሁ ነው» ብቻ ብለሽ ከሆነ የነገርሻቸው፣ ደረሰኙን እንዴት እንደሚደብቅብሽ ቁጭ ብለሽ ዘርዝረሽ አስረጃቸው። «ቻይው» ያሉት ኃይለኛ አለቃ መስሏቸው ይሆናል። ማመልከቻሽን ረቂቁን ስትጨርሺ የሰዎቹንና የድርጅቱን ስም አውጥተሽ ላኪልኝ፤ መዝገብ ቤት ከመግባቱ በፊት አይቼ እመልስልሻለሁ።